የማይራመድ ሰው ተራ የለውም

በሙያዬ ጠበቃ ነኝ። እንዴት ወደ ጥብቅና እንደገባሁ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም፤ እውነቱን ስነግረው ግን የቀለድሁበት ይመስለዋል። ጠበቃ ያደረገኝ ጨዋታ ነው። ልጆች ከሚጫወቱት ዕቃ ዕቃ ብዙም የማይርቅ፣ ትልልቅ ሰዎች ቢጫወቱት ያሳፍራል የሚባል ጨዋታ። ነገሩ የሆነው ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ባጃጅ የጎንደርን ዳገት እየለመደ በነበረበት ሰሞን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ ሰኞ ጠዋት አለቀ። እስኪ ታገሡኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ሕግ ተምሬ ከተመረቅሁ ብዙ አልቆየሁም፤ ፍርድ ቤት የመዝገብ ሥራ ይዤ ነበር። የተጻፈ ነገር እወዳለሁ። አንድ ነገር አንዴ ከተጻፈ አለቀ፣ ማልቀስም መለመንም ትርፉ ድካም ነው የምል ሰው ነበርሁ። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ወንድ ሽማግሌ ከሚልክ አንቀጽ ቢጠቅስ ይቀለዋል» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ጨዋታው ይህ ነው። አራት አምስት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አንዱ መሪ ይሆንና «ገደል አፋፍ ላይ ደርሳችኋል፤ ከታች የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ታሪክ ይጀምራል። የቀሩት እያንዳንዳቸው ስም፣ ሙያ፣ ጉልበትና ብልሃት ያለው አንድ ሰው ፈጥረዋል፤ በዚያ ሰው አፍ ይመልሳሉ። ይሳካል አይሳካም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል፤ እኛ ዕጣ ነበር የምንለው። የወጣው ቁጥር ምን እንደሚያመጣ የሚወስነው ደግሞ የሕግ መጽሐፉ ነው። ያስተማረን ተማሪ ሳለን እንግሊዝኛ ሊያስተምረን የመጣ አንድ ፈረንጅ ሲሆን፣ አገሩ ሲገባ መጽሐፉን ትቶልን ሄደ። እኛም ወደ ራሳችን አዞርነው። ዘንዶውን አውጥተን ሽፍታ አስገባን፣ ወርቁን አውጥተን አሞሌ ጨው። ስሙንም «መንገድ» አልነው። ተመርቀን ሥራ ከያዝን በኋላም አልተውነውም።

አራት ነበርን። መሪዋ እኔ ነኝ። ጀማል ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ጎንደር ላይ ጨርቅ የሚነግድ ቤት ልጅ ነው፤ የምንጫወተውም ፒያሳ ከሱቃቸው በላይ ባለው ዕቃ ቤት፣ ጣቃ ላይ ተቀምጠን ነው። ቀን ሙሉ ሲነግድ ውሎ በጨዋታውም ነጋዴ ነበር የሚሆን፤ ነጋድራስ እንለው ነበር። ያሬድ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ አዲስ ነገር ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው። አስማማው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ የጃናሞራ፣ የመካነ ብርሃን ገበሬ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ በጨዋታው ፈረሰኛ።

ጠቡን ያመጣው ያሬድ ነው። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ የጨዋታውን አዲስ እትም በፍላሽ ይዞ መጣ። ሕጉ ከሥር ተቀይሯል። አሮጌውን ትተን በአዲሱ እንጫወት አለ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ሊገቡ ይፈልጋሉ፤ አሮጌው ግን አስቸጋሪ ነው ብለው ሸሽተዋል። እኔ አሮጌውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የሚሠራ ሕግ ለምን ይነካል ባይ ነኝ። ጀማልን ያስቆጣው ሌላ ነው። በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ ነጋዴ የሚባል ሙያ የለም።

«ስንት ዓመት ጨው ያመላለስሁት ሰውዬ አሁን ምን ሊሆን ነው? ጠንቋይ?» አለ።

«ተዋጊ ይሁና» አለው ያሬድ።

«አባቴ ተዋጊ ነው? አያቴ ተዋጊ ነበር?»

አልተስማማንም። ያሬድ ባልደረቦቹን ይዞ የራሱን ቡድን ሊያቋቁም እንደሚችል ጣል አደረገ። ቅዳሜ ተገናኝተን ቁርጡን እንድንወስን ተቀጣጠርን፤ አስማማው ግን ፒያሳ መምጣት እንደማይችል ነገረን። አባቱ ታመው ከአገር መጥተው እሱ ጋ ነበሩ። ስለዚህ እኛ ወደ ፀዳ፣ እሱ ወደተከራየው ቤት ሄድን። ሥጋችን ስለማይገናኝ እንደ ልማዳችን የምስር ሳምቡሳ ገዝተናል።

አስማማው በር ላይ ጠበቀንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። አባቱ ስኳር አለባቸው። የቀኝ እግራቸው ጣቶች ጠቁረዋል፤ ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሐኪሙ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ሰውየው ይተርፋሉ፣ ሰኞ ካልገቡ ግን በኋላ ምንም ማድረግ አልችልም ብሎታል።

«እሺ አሉ?» አልሁት።

«የለም። ሰኞ በጧቱ በደባርቅ መኪና አገሬ እገባለሁ ነው የሚለው። ሙሉ ሁኜ ተፈጥሬ ጎዶሎ ሁኜ አልቀበርም ይላል። ለእናቴም በቅሎዋን ሽጪ፣ ለተዝካሬ ትሁን ብሎ በስልክ አዟል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሞቱን አይደለም የፈራው። ጃናሞራ ውስጥ ነፍስ የተጠፋፋ ሰው ሳይቀር የሚያስታርቅ እሱ ነው። እግር የሌለው ሽማግሌ ማን ይሰማዋል ነው ነገሩ።»

ስንገባ አባቱ አያ ታከለ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሌላ ትራስ ላይ አርፏል። ቀጭን፣ ዐይናቸው ንቁ የሆነ ሰው ናቸው። እኛም እንደማንኛውም ጠያቂ ዐይናችንን ከእግሩ አሽሽተን «ይማርዎ፣ ይሻልዎታል» አልን። «አሜን፣ ሸጋ ናችሁ» አሉ።

በበሽተኛ ፊት መጣላት ነውር መሆኑን እናውቃለን። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። ያሬድ አዲሱን ሕግ አትሞ አምጥቶ ነበርና ገጹን እየገለጠ ሊያሳየን ሞከረ። እኔ ከአሮጌው መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አነበብሁለት። ጀማል «ነጋዴ የት አለ፣ አሳየኝ» እያለ ያችኑ አንዲት ጥያቄ መላልሶ ጠየቀ። ሳናውቀው ድምፃችን ቤቱን ሞላው።

«ምነው?» አሉ አያ ታከለ። ያሬድ ገጾቹን ሰበሰበ። «ምነው ልጆች፣ በምንድን ነው የምትጣሉት? መሬት ነው?»

«አይደለም አባባ» አለ አስማማው አፍሮ። «ጨዋታ ነው።»

«እስኪ ንገሩኝ።»

አስማማው እንደምንም አስረዳቸው። ይስቁብናል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ከትራሱ ቀና ብለው በደንብ ሰሙት።

«እና ሕጉን በመቀየርና ባለመቀየር ተካካዳችሁ» አሉ። «ይህ እንዲህ በጩኸት አያልቅም። የምትስማሙ ከሆነ እኔ ልየው።»

ተያየን። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እሺ ማለት ደግሞ ቀልድ ይመስላል። በኋላ ሁላችንም «እሺ» አልን።

«እንግዲያስ ዋስ ጥሩ። ፍርዱን ስሰማ አላፈነግጥም የሚል ዋስ።» ያሬድ አስማማውን ጠራ። እኔና ጀማል በአንድ ወገን ስለሆንን እኛም አስማማውን ጠራን። አያ ታከለ ፈገግ አሉ። «ይህ ልጅ ዛሬ ተሸከመ። ሸጋ። አሁን የኔን ልጥራ።»

«የእርስዎን?» አልሁ። ሕግ የተማርሁ ነኝና ዳኛ ዋስ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

«ሌላው ሽማግሌ እንዴት እንደሚያደርግ አላውቅም ልጄ። እኔ ስዳኝ እንዲህ ነው ልማዴ። ዛሬ በሰው ላይ የፈረድሁት ነገ በራሴ ቢመጣ እምቢ እንዳልል አስቀድሜ ዋስ እጠራለሁ። ያለዚያማ በሰው መሬት መፍረድ ማን ይከብደዋል?» ዙሪያውን አይተው ጀማል ላይ ቆሙ። «አንተ የነጋዴ ልጅ ነህ፤ ቃል ታውቃለህ። የኔ ዋስ አንተ ሁን።»

«ሆኛለሁ አያ ታከለ» አለ ጀማል።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኑ። ድንበር ሳያዩ አይፈረድም፤ በሁለቱም ሕግ እኔው ራሴ ልጫወተው።»

ስንወጣ ያሬድ «ፍርዱ የጨዋታ ነው፤ ሰውየው ግን ከነገ ወዲያ ሊሄዱ ነው» አለ። ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተን ወደ ፒያሳ ስንመለስ ማንም ስለ እትም አላነሳም።

እሑድ ከቀትር በኋላ ተሰበሰብን። አልጋውን ወደ መሀል ጎትተን ዙሪያውን ተቀመጥን። አያ ታከለ የሚጫወቱትን ሰው ለመምረጥ ጊዜ አልወሰዱም። «ሽማግሌ መንገድ መሪ ነኝ» አሉ። «ስሜም ያው ታከለ ይሁን። በስተርጅና ስም አልለውጥም።»

በአሮጌው ሕግ ጀመርን። ነጋድራስ ጨው ጭኖ ተራራውን አቋርጦ ገበያ መድረስ አለበት። በጨዋታችን የመንገድ መሪ ምስጢር አለው፤ መንገዱን ለእሱ ብቻ ነው የምነግረው። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «መንታ መንገድ ስትደርሱ የግራው ገደል ነው፤ በቀኝ ያዙ» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንዲህ የሚጫወት ሰው አላየሁም። ገና ከመነሻው ነጋድራስን «ጭነትህ ያጋድላል፤ በግራ በኩል አጥብቀው» ብለው አስወረዱት። ጠባቡ በር ላይ ሽፍቶች ሳስወጣባቸው ያሬድና አስማማው ወዲያው መሣሪያ መዘዙ። አያ ታከለ ግን እጃቸውን አነሡና የሽፍታውን አለቃ ጠየቁት፤ ያ ማለት እኔን።

«አንተ ጎበዝ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ለሽፍታው አባት አስቤለት አላውቅም ነበር። የመጣልኝን ስም ጠራሁ።

«የእሱ ልጅ ሁነህ ነው መንገድ የምትዘጋ? አባትህን አውቀዋለሁ፤ እንግዳ ሲያይ ከመንገድ ወርዶ የሚያሳልፍ ሰው ነበር። እናትህ ደኅና ናት?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም የራሴ ሽፍታ አፈረብኝ። ዕጣ ጣልሁ፤ ግማሾቹ ሽፍቶች ልባቸው ራደና ወደ ኋላ አሉ። የቀሩት ግን ከላይ ድንጋይ ናዱ።

የጨዋታው መሪ አንዳንድ ዕጣ ተሸሽጎ ይጥላል። ፊቴ ደብተር አቁሜያለሁ፤ ከኋላው የሚወጣውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ድንጋዩ ማንን እንደሚመታ ጣልሁ፤ መንገድ መሪውን። የት እንደሚመታው ጣልሁ። በአሮጌው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ቁጥር የሰውነት ክፍል አለው፤ ራስ፣ ደረት፣ ክንድ፣ እያለ ይሄዳል።

እግር ወጣ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ክንድ ብል ማንም አያውቅብኝም። ደብተሩን አጥፌ «ሳተው» ብል ሳቅ በሳቅ ሆነን እናልፋለን። አራቱም ያዩኛል። አያ ታከለ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያዩኛል። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰብሁ ብትጠይቁኝ ያሰብሁት ነገር የለም፤ የተጻፈ የምወድ ሰው ስለነበርሁ ብቻ አፌ ያየሁትን ተናገረ።

«እግር» አልሁ። «ቀኝ እግርዎን መታዎት። አይራመዱም።»

አስማማው በቁጣ አፈጠጠብኝ። ያሬድ የያዘውን ሳምቡሳ አስቀመጠ። አያ ታከለ ብቻ ፊታቸው አልተለወጠም።

«ሕጉ ምን ይላል?»

አነበብሁላቸው፤ «የማይራመድ ሰው ተራ የለውም። ጉዞው እስኪያበቃ ከጨዋታው ይወጣል።»

«ሸጋ» አሉና ትራሳቸውን ተደገፉ። «ቀጥሉ።»

ቀጠልን። ሦስቱ ተጉዘው መንታ መንገድ ደረሱ። ምስጢሩን የሚያውቁት አያ ታከለ ብቻ ናቸው። ያሬድ «ግራው ሰፊ ነው፤ በሱ እንሂድ» አለ። ጀማልም ጭነት ያለው ሰው ሰፊ መንገድ ይሻለዋል ብሎ ተስማማ። አያ ታከለ ከትራሱ ቀና አሉ።

«በግራ አይዶለም» አሉ።

«አያ ታከለ፣ ተራ የለዎትም» አልኋቸው።

ወደ ትራሳቸው ተመለሱ። ሦስቱ እንዳልሰማ ሆነው በግራ ሄዱ። ገደሉ አፋፍ ላይ ዕጣ አስጣልኋቸው፤ የነጋድራስ በቅሎዎች ከነጭነታቸው ወረዱ። አስማማው ሊያድናቸው ሲሻማ ፈረሱ ተንሸራተተ። በአሮጌው ሕግ የወደቀ ወደቀ ነው። የአስማማው ፈረሰኛ፣ ለዓመታት አብሮን የኖረው ሰው፣ ሞተ። አያ ታከለ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው በድንገት ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ይህ ሕግ ጅል ነው» አሉ። «እግሬ ቢሰበር ምላሴ ተሰበረ? ዐይኔ ጠፋ? መንገዱን የማውቅ እኔ። በበቅሎ ጭናችሁ ብትወስዱኝ ይህ ልጅ አይሞትም ነበር። ምነው፣ ሰው እግር ብቻ ነው እንዴ…»

ቃሉን አልጨረሱትም። ዐይናቸው ትራሱ ላይ ወዳረፈው ነጭ ጨርቅ ሄደ። አስማማው አፉን ሊከፍት ሲል ጀማል ክንዱን ያዘው። ጎሽ ጀማል፤ ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢጨመር ሁሉም ነገር ይበላሽ ነበር።

አያ ታከለ «አዲሱንም አሳዩኝ» አሉ።

ያንኑ ጉዞ፣ ያንኑ ድንጋይ፣ ያንኑ እግር በአዲሱ ሕግ ጀመርን። ያሬድ መጽሐፉን እያገላበጠ አገዘኝ። በአዲሱ ሕግ የቆሰለ ሰው አንድ ሌሊት ካደረ ጧት ድኖ ይነሣል።

«ተኛሁ?»

«ተኙ።»

«ጧት ነቃሁና ዳንሁ?»

«ዳኑ» አለ ያሬድ። «እንዳልነበረ ሆነ።»

አያ ታከለ ሳቁ። ደረታቸው እስኪርገበገብ ሳቁና ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ይህማ ጠያቂዎቼ የሚሉኝ ነው» አሉ። «ጧት ሲመጡ ይሻልዎታል፣ ማታ ሲመጡ ይሻልዎታል። እግሬ ይሸታል፤ እነሱ አፍንጫቸውን ይዘው ይሻልዎታል ይላሉ። ውሸት ነው ልጆች። እንዲህ የሚድን እግር የለም።»

ያሬድ መጽሐፉን ዘጋ።

«እንግዲህ ፍርዴ ይኸው» አሉ። ድምፃቸው የበሽተኛ ድምፅ አልነበረም፤ ከዛፍ ሥር ለተሰበሰበ ሕዝብ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። «አሮጌው ቁስሉን አይደብቅም፤ ሰውየውን ግን ሜዳ ላይ ጥሎት ይሄዳል። አዲሱ ሰውየውን ላለመጣል ብሎ ስለ ቁስሉ ይዋሻል። አዲሱን ያዙ፤ እነዚያም ሁለት ልጆች ይምጡ፣ ቤት የሚሞላ በሰው ነው። ነገር ግን ነጋዴውን አስገቡት። ቁስሉ ቁስል ይሁን፤ በአንድ ሌሊት አይዳን። ተራው ግን አይወሰድበት። መራመድ ያቃተው ሰው ተሸክማችሁትም ቢሆን አብሯችሁ ይሂድ፤ ተራው ሲደርስ ይናገር። ተቀበላችሁ?»

ያሬድ ተቀበለ። እኔም ተቀበልሁ። አስማማውም ዋስ ነበርና «እኔም አለሁ» አለ። ጀማል ብቻ ቀረ። ሁላችንም ወደሱ ዞርን። ከተቀመጠበት ተነሥቶ አልጋው አጠገብ ቆመ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አባቱ ፊት እንደሚቆመው።

«አያ ታከለ» አለ። «የእርስዎ ዋስ እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ የጠሩት እሱን ነበር፤ ፍርዱ በራሳቸው ቢመጣ እምቢ እንዳይሉ።

አያ ታከለ አዩት። ሊቆጡ ነው ብዬ ፈራሁ፤ በሰው አገር፣ ልጆች በጨዋታ አጥምደው እግሬን ሊያስቆርጡኝ ነው ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ደግሞ ያጠመዳቸው የለም፤ ገመዱን የፈተሉትም ያሰሩትም እሳቸው ናቸው። ውሃ ጠየቁ። አስማማው አቀበላቸው። ጠጡና መለሱለት።

«አስማማው።»

«አቤት አባባ።»

«ለናትህ ደውልላት። በቅሎዋን እንዳትሸጥ በላት።»

አስማማው ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ደውሎ ሲጨርስም ቶሎ አልገባም። እኛም ቶሎ እንዲገባ አልጠበቅነውም።

ሰኞ በጧቱ ሆስፒታል ሄድሁ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ነበር። አያ ታከለ የቀዶ ሕክምና ልብስ ለብሰው፣ ባለጎማ አልጋ ላይ ተጋድመው ኮሪደሩ ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ በእጃቸው ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ትላንት ያን ደብተር አቁመሽ የጣልሽው ዕጣ… በውነት እግር ነበረ?»

«በእውነት እግር ነበር።»

«አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ።»

«ምነው ታዲያ ክንድ አላልሽኝ?»

«እግር ስለወጣ» አልሁ። መልስ ነው እንኳ ብዬ አልቆጠርሁትም።

«ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ» አሉ፣ «ያችን እግር ስሟን የሚጠራ ሰው አጣሁ። ልጄ አያያትም። ጠያቂም አያያት። እኔ ብቻዬን ሌት ተቀን አያታለሁ። በስሟ የጠራሽልኝ አንቺ ነሽ። ከዚያ በኋላ ቀለለኝ።» አልጋውን የሚገፋው ሰው መጣ። «በይ ሂጂ፣ ሥራሽን አትፍቺ።»

አልሄድሁም። እስኪወጡ አስማማው አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ደኅና ወጡ።

አንባቢዎቼ፣ ጨዋታ ሰው አዳነ ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም። እግሩን የቆረጠው ሐኪሙ ነው፤ እሺ ያሉት ሰውየው ናቸው። እኔ የተለወጥሁት ሌላ ቦታ ላይ ነው። «ተራ የለዎትም» ያልሁባት ድምፄ ለብዙ ቀን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ሕጉን በትክክል ነበር ያነበብሁት፤ አንድ ፊደል አላዛነፍሁም። ቁስሉን በስሙ መጥራቴ ደግ ሆኖ ሳለ፣ መንገዱን ብቻውን የሚያውቀውን ሰው ዝም ያሰኘሁትም እኔው ነኝ፤ በዚያችው አፍ፣ በዚያው መጽሐፍ። ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። አይደሉም።

ፍርድ ቤት ተመልሼ መዝገቦቼን ሳገላብጥ እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ። ማስረጃ ስላላቀረበ መዝገቡ የተዘጋበት፣ ቀጠሮ ስላሳለፈ የመናገር መብቱ የታለፈበት ሰው በሙሉ ትራስ ተደግፎ «በግራ አይዶለም» የሚል መሰለኝ። ሕጉ ይቅር አልልም፤ ያለ ሕግ ማን ከማን ጋር ይኖራል? ነገር ግን ተራው ከታለፈበት ሰው ጎን የሚቆም ያስፈልገዋል። በዓመቱ ሥራዬን ለቅቄ የጥብቅና ፈቃድ አወጣሁ። እናቴ «አሁንስ ጭራሽ በአንቀጽ ልትኖሪ ነው» ብላ አዘነች።

የእኛም ቡድን አልፈረሰም። የያሬድ ባልደረቦች ገቡ፤ አንደኛዋ ከሁላችንም የባሰች ተከራካሪ ሆነች። ነጋድራስ በአዲሱ ሕግ ውስጥ በእጃችን ጽፈን ያስገባነውን ሙያ ይዞ ዛሬም ጨው ያመላልሳል። ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ወጣቶች አሁን አሁን በዝተዋል፤ አንዳንዶቹም ያገኙኝና «አዲስ እትም ወጥቷል፣ እንቀይር ወይስ በያዝነው እንቀጥል?» ይሉኛል። ስለ ፍጥነቱና ስለ ሥዕሉ ብዙ ያወራሉ። እኔ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ብትቀይሩ ከመካከላችሁ ማን ዝም ይላል፣ ባትቀይሩስ? መልሱን ካወቃችሁት ሌላው ቀላል ነው እላቸዋለሁ። እናንተም ብትሆኑ የሠርግ ሥርዓት ይሁን የእድር ደንብ ልትቀይሩ ስትቀመጡ ይህችን ጠይቁ።

በቅርቡ ደግሞ ያሬድ ሌላ እትም ይዞ መጣ። እንደገና ተከራከርን፤ እንደገና ድምፃችን የጀማልን ዕቃ ቤት ሞላው። በመጨረሻ ለአያ ታከለ እንደውል ተባባልን። መካነ ብርሃን ደወልሁ። ስልኩን ያነሡት ባለቤታቸው ናቸው።

«እሱማ የለም ልጄ» አሉኝ። «ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ገና በጧቱ መጥተው በበቅሎ ጭነው ወሰዱት። ምነው፣ ደኅና አይዶላችሁም?»

«ደኅና ነን እማማ። ምክር ፈልገን ነው።»

«እንግዲያስ ነገ ደውይ። ዛሬ አይመለስም፤ ሰው ይዞታል።»

ስልኩን ዘግቼ ለልጆቹ ነገርኋቸው። ያሬድ መጽሐፉን ወደ ቦርሳው መለሰ፤ እኛም ውሳኔውን ለነገ አሳደርነው።